«ማን ሞተ?» አይባልም

ከቢቸና መውጫ ላይ በሁለት በርሜል መካከል የተወጠረ ገመድ ነበር። በዚያ ዓመት በዚያ መንገድ መኪና የነዳ ሁሉ ያውቀዋል። ፍሬን ያዝሁ። ጠባቂው ፊቱን በሻርፕ እንደ ጠቀለለ ወደ መስኮቴ ጎንበስ አለ። ሌላ ቀን ቢሆን መታወቂያ፣ የጭነት ዓይነት፣ የጉዞ ምክንያት፣ ሲከፋውም የአያቴን ስም ይጠይቀኛል።

«ወዴት ነው?»

«ሞጣ። መርዶ ይዘን ነው።»

እጁን ከመስኮቱ አነሣ። ከኋላ የተቀመጡትን አየት አደረገና ኮፍያውን አወለቀ። «ያጥናችሁ» ብሎ ገመዱን አወረደው። ማን እንደ ሞተ አልጠየቀም። ማንም አይጠይቅም፤ በእኛ አገር መርዶ ከየትኛውም የይለፍ ወረቀት ይበልጣል።

እኔ አብዱራዛቅ እባላለሁ። የሞጣ ልጅ ነኝ፤ ያኔ በቢቸናና በሞጣ መካከል ዶልፊን እነዳ ነበር። ዘመኑ ሁለት ሺህ አሥራ ስድስት፣ የሰዓት እላፊ ዘመን ነው። ጎህ ሳይቀድ መኪና አይንቀሳቀስም። ስልክ አንድ ቀን ይመጣና ሳምንት ይጠፋል። ሰው ሁሉ የልጁን ደህንነት የሚሰማው እንደ ቅድመ አያቶቹ በመንገደኛ አፍ ሆኖ ነበር።

ጋቢና ውስጥ ከጎኔ አስር አለቃ ገላው ተቀምጠዋል። አስር አለቃነቱን ያገኙት በደርግ ጊዜ ነው፤ መንግሥት ቢለዋወጥም ማዕረጉ ከስማቸው ላይ አልወረደም። ከኋላ የዕድሩ ሰብሳቢ ቄስ ገብረ ሕይወት፣ አጠገባቸው ወሬውን ከደሴ ያመጣው የፊዚክስ አስተማሪ መምህር ደምለው፣ በመጨረሻም የጤና ጣቢያዋ ነርስ ሲስተር እፀገነት አለች። የምናረዳው የአስር አለቃን እህት፣ እትዬ በዛብሽን ነው። ልጃቸው ሽታሁን ደሴ ላይ አረፈ ተብሏል።

እትዬ በዛብሽ የእናቴ ጎረቤት ናቸው፤ አንድ ግድግዳ እንጋራለን። እሳቸው ቤት ለእኔ ብቻ የተለየ ሳህን ነበረ። የእስላም ልጅ ሳህን ሌላ እንዳይነካው ብለው ከፍ አድርገው ይሰቅሉት ነበር፤ እኔና ሽታሁን በየግላችን ሳህን፣ ባንድ ደጃፍ ላይ በልተን አደግን። ከዓመታት በፊት የትልቋ ልጃቸው መርዶ ሲነገራቸው እዚያው ወደቁ። ቀኝ እጃቸው እስካሁን ኩባያ በወጉ አይጨብጥም። ሐኪሙ ልባቸው ሌላ እንዲህ ያለ ድንጋጤ አይችልም ብሎ ነበር። ሲስተር እፀገነት የደም ግፊት መለኪያዋን ይዛ አብራን የመጣችው ለዚህ ነው። ባንድ መርዶ ሄደን ሁለት ሬሳ እንዳናለቅስ ሁላችንም ፈርተናል።

ሲስተር እፀገነት ከአሰላ ተመድባ የመጣች ናት። ቢቸና በገባች በሳምንቱ ስም ወጣላት፤ «ሲስተር ለምን» ይሏታል። በሽተኛው ሁሉ ገብቶ «እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ» ይላትና ከዚያ በኋላ ሕመሙን ይዘረዝራል። እሷ ታዲያ «ደህና ከሆኑ ለምን መጡ?» ብላ ትጠይቃለች፤ ከልቧ እኮ ነው፣ ልታሾፍ አይደለም። ሰው ይስቅባታል፤ እሷም አብራ ትስቅና መልሱን ትጠብቃለች።

«አብዱራዛቅ» አለችኝ ከኬላው ራቅ እንዳልን፣ «ይሄ መኪና ለምንድን ነው ዶልፊን የሚባለው?»

«እንጃ።»

«ዶልፊን ምን እንደሆነስ ታውቃለህ?»

«መኪና ነዋ።»

«የባሕር እንስሳ ነው። አፍንጫው ወደፊት ቀደም ያለ።»

ስንት ዓመት እንጀራ የበላሁበት መኪና ነው። አንገቴን አስግጌ የመኪናዬን አፍንጫ ለማየት ቃጣኝ። አስር አለቃ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«የኔ ልጅ፣ መርዶ ተይዞ ጨዋታ የለም» አሏት ወደ ኋላ ሳይዞሩ። «ዝም አይነቅዝም።»

ደብረ ወርቅን እስክናልፍ ድረስ የሞተሩ ድምፅና የቄሱ ዳዊት ብቻ ነበር የሚሰማው። ሜዳው ላይ ጤፉ ቢጫ ሆኗል፤ አጫጅ ግን ብዙ አይታይም። ሽማግሎቹ ነጠላቸውን አላዘቀዘቁም፤ ሞጣ መግቢያ ላይ ነው የሚያዘቀዝቁት፤ ከዚያ በፊት መንገደኛ አይቶ ወሬው ቀድሞን እንዳይገባ።

«ይቅርታ አስር አለቃ» አለች እንደገና። «ቤት ገብተን እትዬ በዛብሽ ቢጠይቁኝ የምመልሰው እንዲኖረኝ ነው። ልጁ የሞተው እንዴት ነው?»

«ሞት ሞት ነው።»

«ታሞ ነው ወይስ በአደጋ?»

አስር አለቃ በአውራ ጣታቸው ወደ ኋላ አመለከቱና «እሱን ቄሱ ያውቃሉ» አሉ።

«እኔ?» አሉ ቄስ ገብረ ሕይወት፤ ዳዊታቸውን አጠፉ። «እኔማ ከእርስዎ ነው የሰማሁት። ‹ሽታሁን አረፈ› ብለው ሲልኩብኝ፣ ሐዘንተኛ እንዴት ሞተ ተብሎ አይጠየቅም ብዬ ተውሁት።»

«እኔስ ብሆን፣ መምህር ደምለው እንባውን እያፈሰሰ ደጄ ቢቆም፣ ቁጭ በል ላጣራህ ልለው ኖሯል?»

ሁሉም ወደ ደምለው ዞሩ። እኔም በመስታወቱ ዞርሁና አንድ አህያ ለጥቂት ሳትሁ። ደምለው ጎልማሳ፣ ጥሩ ጠባይ ያለው፣ ድምፁ ከክፍል ውጭ የማይሰማ ሰው ነው። ጉልበቱን አየ።

«አልጠየቅሁም» አለ።

«ምኑን?»

«ምንም።»

ከዚያ ቀስ እያለ ነገራት። ደሴ ለሥልጠና ተልኮ ሲሄድ፣ አስር አለቃ ለሽታሁን በሶ በፎጣ ቋጥረው አሲዘውታል። ሽታሁን የተከራየበትን ግቢ አፈላልጎ ሲደርስ ደጃፉ ላይ ድንኳን ተተክሏል። በሶውን እንደ ያዘ ገባና ተቀመጠ።

«ሲገቡ ማን ሞተ ብለው አልጠየቁም?»

«ሲስተር፣ ድንኳን ገብቶ ‹ማን ሞተ?› የሚል ሰው አይተሽ ታውቂያለሽ? ይሄ ከሰው አልተፈጠረም ይባላል እኮ።»

«አላየሁም» አለች። «ከዚያስ?»

«ሽታሁንን በዓይኔ ፈለግሁት፤ የለም። ክፍሉ ተቆልፏል። አንድ ሽማግሌ መጡና ‹ዘመድ ነህ?› አሉኝ። አዎ አልሁ። አቀፉኝ። ‹አይዞህ፣ የአላህ ሥራ ነው፤ ገና ለጋ ነበር› አሉኝ። አለቀስሁ። በሶውን እዚያው ትቼ ወጣሁ። ከዚህ በኋላ ምን ይጠየቃል?»

«ዘመድ ነህ ሲሉዎት የማን ዘመድ ማለታቸው ነበር?»

ደምለው በመስታወቱ ወደ እኔ አየ።

እኔ እስካሁን አፌን ይዣለሁ። መርዶው የክርስቲያን፣ ሽማግሌው የክርስቲያን፤ እኔ መሪ ልይዝ የመጣሁ ሰው ነኝ። አሁን ግን አንድ ነገር ከነከነኝ፤ ልጠይቅ ወይስ አልጠይቅ እያልሁ አንድ ኩርባ አለፍሁ። ልጅቷ ይህን ሁሉ ስትጠይቅ ካላፈረች እኔ ምን አሳፈረኝ አልሁና፣ «መምህር፣ የሚጮህ ሰው ነበረ?» አልሁት።

«የለም። ዝም ብለው ነው የተቀመጡት። ቁርኣን የሚቀሩ ነበሩ።»

«አከራዮቹ እስላም ናቸው እንዴ?»

«ናቸው። ለተከራያቸው በራሳቸው ወግ ሐዘን የተቀመጡለት መስሎኝ።»

«ለሽታሁን ቁርኣን?»

«አይቀራም እንዴ?» አለ ደምለው። ድምፁ እንደ ተማሪ ሆነ። «እኔ ምን አውቄ አብዱ፤ ይህን ያህል ዓመት አብረን ስንኖር እናንተን እንዲህ ያለ ነገር መጠየቅ ነውር መስሎኝ።»

«ተከራያቸው ቢሞት ያለቅሱለታል። ተሸክመውም ለቤተ ክርስቲያን ያስረክቡታል። ቁርኣን ተቀምጠው የሚቀሩት ግን ለራሳቸው ሟች ነው።»

ጉንደ ወይን መዳረሻ ላይ መኪናውን ከመንገድ አውጥቼ አቆምሁ።

«ለምን አቆምህ?» አሉኝ አስር አለቃ።

«አስር አለቃ፣ ሽታሁን መሞቱን እዚህ መኪና ውስጥ ያለ አንድም ሰው አያውቅም።»

ፊታቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ። «ተው» አሉ ከውስጥ። «ተው ልጄ፣ ተስፋ አትስጠኝ። አንዴ ቆርጦልኛል፣ ሁለተኛ አትግደለው።»

ወረድን። ኔትወርክ አንዳንዴ የሚይዝበት ጉብታ አለ ሲባል ሰምቼ ነበርና ከአስር አለቃ በቀር ሁላችንም እዚያ ወጣን። ቄስ ገብረ ሕይወት ባለ ቁልፍ ስልካቸውን እንደ መስቀል ከፍ አድርገው በአራቱም ማዕዘን ዞሩ። የለም። የሲስተር እፀገነትም፣ የእኔም ዝም ነው። አስር አለቃ ከታች ሆነው ይመለከቱናል።

«በተማሪነቴ ‹መጠየቅ ያደርጋል ሊቅ› ሲባል ሰምቻለሁ» አሉ ቄሱ ሲወርዱ። «እኔም ለስንቱ ተማሪ ነግሬያለሁ። ለሽማግሌም ይሠራል ብሎ የነገረኝ የለም።»

«እንመለስና ይጣራ» አለ ደምለው፤ ላብ አጥምቆታል።

«መመለስ የለም» አሉ አስር አለቃ። «የሞጣን ዕድር ትናንት ሰው ልኬ አስነግሬዋለሁ። ድንኳን አውጥተው፣ ጠዋት ደጇ አጠገብ ይጠብቁናል። ብንቀር እነሱ ገብተው ያረዷታል።»

ማንም ግቡ ሳይለን መኪናው ውስጥ ገባን። ያን መንገድ እንደዚያ ቀን ነድቼው አላውቅም፤ ቄሱ በየጉድጓዱ ላይ እመቤታችንን እየጠሩ፣ ደምለው የጣሪያውን ብረት ይዞ። ሞጣን በሩቁ እንዳየን ሲስተር እፀገነት ወደ ጋቢናው ተጠጋች።

«እኔና አብዱ ብቻ እንግባ። እናንተን ተሰብስባችሁ ካዩ በአፍ ባትነግሯቸውም መርዶ ነው።»

«ገብተሽ ምን ትያታለሽ?» አሉ አስር አለቃ።

«ልጅዎ ወሬ የላከልዎ መቼ ነው እላቸዋለሁ።»

«ከቢቸና ድረስ መጥተሽ? ሞኝ ናት ትልሻለች።»

«ይበሉኝ። ሞኝ መምሰል ደም ግፊት አያመጣም።»

እትዬ በዛብሽ አጥር ጥግ ላይ ሰው ሞልቷል። ነጠላው ተዘቅዝቋል፣ የድንኳኑ ብረት አጥር ተደግፏል። እናቴ ዑሙሰልማ ጥቁር ሻሽ አስራ ከፊት ቆማለች። እንዳየችኝ እንባዋ መጣ።

«አብዱዬ፣ ልንገባ ስንል ደረሳችሁ።»

«እማ፣ ቆዩ። እንዳትገቡ።»

«ለምን?»

«ማን እንደ ሞተ አላወቅንም።»

ልጇ ጤናው የተቃወሰ መስሏት ግንባሬን ነካችኝ። ጥያት ከሲስተር እፀገነት ጋር ገባሁ።

እትዬ በዛብሽ ዱካ ላይ ተቀምጠው በግራ እጃቸው ጌሾ ይለቅማሉ፤ ቅጠሉን ወደ ሰፌድ፣ እንጨቱን ወደ ጎን። ጥቁር ለብሰዋል። የቀደመን ሰው አለ፣ ሰምተዋል ብዬ ደረቅሁ። እሳቸው ግን ቀና ብለው በተረጋጋ ድምፅ «ግባ አብዱ፣ ይቺ ማናት?» አሉ።

«የቢቸና ነርስ ናት። ግፊትዎን ልትለካዎ ነው።»

ክንዳቸውን ሰጧት። ጨርቁን አሰረች፣ ትነፋ ጀመር። እኔ የበሩን መቃን ይዣለሁ።

«እትዬ በዛብሽ፣ አንድ ሞኝ ጥያቄ ልጠይቅዎ?»

«ጠይቂ ልጄ።»

«ሽታሁን ወሬ የላከልዎ መቼ ነው?»

«ከትናንት ወዲያ» አሉ። በአገጫቸው አልጋው ላይ የታጠፈ ብርድ ልብስ አመለከቱ። «የሲኖትራክ ሹፌር ያን አመጣልኝ። ደህና ነኝ፣ የአከራዬ ልጅ ሞቶ ለቅሶ ላይ ነኝ ብሎኛል።»

አልሐምዱሊላህ አልሁ በልቤ። ሲስተር እፀገነት ግን መለኪያውን እያየች ነው፤ ፊቷ አልፈታ አለ።

«ታዲያ ግፊትዎ ለምን እንዲህ ወጣ? ጥቁርስ ለምን ለበሱ?»

እትዬ በዛብሽ የያዙትን ጌሾ አስቀመጡ።

«ልጆቼ፣ የመጣችሁበትን አውቄዋለሁ። አትጨነቁ። ሽታሁን በሹፌሩ አፍ ሌላም ልኮብኛል። ‹እኔ ለድንኳኑ ውኃ ልቀዳ በወጣሁበት ከጎጃም አንድ ሰው በሶ ይዞ መጥቶ፣ ሳይጠይቀኝ አልቅሶ ሄደ። በሶው የታሰረው በአጎቴ ፎጣ ነው። አጎቴ ደህና ናቸው ወይ?› ብሎኛል። ስልክ የለ፣ ምን ልመልስ? ከገላው ቤት የወጣ ሰው በሰው አገር ድንኳን ገብቶ የሚያለቅሰው ገላው ሞቶ ነው እንጂ ሌላ ምን አለ? ከትናንት ጀምሮ ደግሞ እናትህ ዓይኔን አታየኝም። ደጄ ላይ ሰው እንደ ቆመም አውቃለሁ። ጎረቤት ጠርቼ እንዳልጠይቅ መርዶ በጥያቄ አይወሰድም። ለብሼ ጠበቅኋችሁ። በሉ ንገሩኝ፣ ወንድሜ መቼ ተቀበረ?»

ሲስተር እፀገነት ልትመልስላቸው አፏን ስትከፍት እኔ ወጥቼ ሮጫለሁ። አስር አለቃ ጋቢናው ውስጥ ተኮራምተዋል። በሩን ከፈትሁት።

«ልጁስ?» አሉኝ፤ ከንፈራቸው ደርቋል።

«ደህና ነው። የሞቱት እርስዎ ነዎት። ቶሎ ይግቡ።»

ምን እንዳልሁ ሳይገባቸው ክንዳቸውን ይዤ አስገባኋቸው። እትዬ በዛብሽ ከዱካው ተነሡ። በዚያች ኩባያ በማትጨብጥ እጃቸው የወንድማቸውን ጋቢ ጨበጡ። ደረታቸውን መቱት፣ ደገሙት፣ ከዚያ ግንባራቸውን እዚያው የመቱት ላይ አሳርፈው አለቀሱ። አስር አለቃም አለቀሱ፤ እኒያ ወታደር፣ ድምፅ አውጥተው። እኔም አለቀስሁ፤ አላፍርም።

ውጭ ያለው ሰው አስር አለቃ እየተደገፉ ሲገቡና ልቅሶው ሲሰማ አየ፤ የሚጠበቀው ይኸው ነውና ደረቱን እየመታ ተግተልትሎ ገባ። ሲስተር እፀገነት ደጃፉ ላይ ቆማ እጇን እያወዛወዘች «ማንም አልሞተም፣ ማንም አልሞተም» ትላለች። የሚሰማት የለም። «ምን እያልሽ ነው?» ብሎ የጠየቃትም የለም። ቄስ ገብረ ሕይወት በመቋሚያቸው በሩን ደብድበው ነው ሕዝቡን ዝም ያሰኙት።

ነገሩ ተነገረ። አንዳንዱ ሳቀ፣ አንዳንዱ አማተበ፣ እናቴ ዑሙሰልማ መሬት ተቀምጣ ሁለት እጇን ዘረጋች። ሰው ነጠላውን ሊገለብጥ ሲል እትዬ በዛብሽ አስቆሙት።

«ቆዩ እስቲ» አሉ ዓይናቸውን እየጠረጉ። ወደ ሲስተር እፀገነት ዞሩ። «ማንም አልሞተም አትበዪ ልጄ። ደሴ ላይ አንዲት እናት ልጇ ሞቶባታል። ልጄን ቤቷ ያኖረች ሴት ናት። ልጇ ስሙ ማነው?»

ሁሉም ወደ ደምለው አየ። ድንኳኑ ውስጥ የተቀመጠው እሱ ነው፤ የተቀመጠውም፣ የታቀፈውም፣ ያለቀሰውም እሱ ነው።

«አልጠየቅሁም» አለ።

የተቆጣው ሰው የለም። እትዬ በዛብሽ ሰፌዱን ወደ ጎን አድርገው ሰው እንዲቀመጥ ቦታ ለቀቁ። ነጠላው እንደ ተዘቀዘቀ ሁሉም ተቀመጠ። ቄሱ አቀርቅረው በለሆሳስ ጸለዩ፣ እናቴ ዱዓ አደረገች፤ ስሙን ለማናውቀው ልጅ ነው። አስር አለቃ ገላው ከሲስተር እፀገነት አጠገብ ቁጭ ብለው ነበር፤ ወደ እሷ ጠጋ አሉና ለመሆኑ አሰላ ውስጥ መርዶ የሚነገረው እንዴት ነው ብለው ጠየቋት፤ እሷም ትነግራቸው ጀመር።

ወደ እኩለ ቀን ስወጣ እትዬ በዛብሽ ለደሴዋ እናት በሶ በፎጣ ይቋጥራሉ። ደምለው መኪናዬን ተደግፎ አገኘሁት። ሲጠብቀኝ የቆየ ይመስላል።

«አብዱ» አለኝ፣ «በሶውን እኔ ላደርስ ነው፤ ወደ ደሴ የሚሄድ መኪና የሚነሣው ከየት ነው?»

ነገርሁት። ደግሞ ሌላ ጥያቄ ጠየቀኝ፣ ከዚያ በኋላም ሌላ፤ ሁሉንም መለስሁለት።